ተማሪው ራሱ መንገድ የሚመርጥበት ስላይድ፦ ከአንድ የጂኦግራፊ መምህር ተሞክሮ

በፓወርፖይንት የምናስተምር አብዛኞቻችን ስላይዶቻችንን እንደ መቁጠሪያ ፍሬ አንዱን ከአንዱ አስከትለን እንደረድራቸዋለን። ትምህርቱ የታሪክ ትረካ ወይም የሒሳብ ስሌት ከሆነ ይህ አደራደር ብዙም አይጎዳም፤ የሚቀድመው ይቀድማል፣ የሚከተለውም ይከተላል። እኔ ግን በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ነው የማስተምረው፤ ካርታ ደግሞ ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው የሚነበብ ነገር አይደለም። አንዱ ተማሪ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በተወለደበት ቀበሌ ላይ ነው፣ ሌላዋ ወንዝ ተከትላ ትወርዳለች፣ ሦስተኛው የመኪና መንገዱን ይፈልጋል። ሁሉንም በእኔ ቅደም ተከተል ስጎትታቸው ካርታው ካርታነቱን ያጣና ሥዕል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በስላይዱ ላይ ሊጫኑ የሚችሉ ቦታዎችን እየሠራሁ፣ ተማሪው የነካው ቦታ ወደሚመለከተው ስላይድ እንዲወስደው ማድረግ ጀመርኩ። ከዚህ ሥራ ያገኘሁትን ተመሳሳይ ነገር ለመሥራት ለሚያስቡ መምህራን እንዲጠቅም እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

አስቀድሜ መናገር የምፈልገው፣ ሊንክ ማስገባት ራሱ ቀላል መሆኑን ነው፤ ከባዱ ሥራ በስላይዱ ላይ የሚደረግ እያንዳንዱ ጠቅታ የት እንደሚያደርስ መወሰን ነው። ትክክለኛውን ቦታ የነካ ተማሪ የት እንደሚሄድ ሁላችንም እናስባለን። ዒላማውን የሳተው ተማሪ የት ይሄዳል ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ ያላዘጋጀ መምህር ስላይዱ በተማሪው እጅ ውስጥ ሲበታተን ያያል። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ዘዴ ሁሉ በአንድም ሆነ በሌላ ከዚህ ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው።

ምሳሌ ያደረግሁት ትምህርት ስለ ተፋሰስ፣ ማለትም ውኃው ተሰብስቦ ወደ አንድ ወንዝ ስለሚፈስበት አካባቢ ነው። የሰሜን ሸዋ ደጋ ለዚህ የተመቸ ነው፤ የዝናቡን ውኃ ለሁለት የሚከፍለው የተራራ ጫፍ የሚያልፈው በአገራችን ውስጥ ነውና። በደብረ ብርሃን ዙሪያ የሚወርደው ውኃ በበሬሳ ወንዝ በኩል ወደ ጀማ፣ ከጀማ ወደ ዓባይ ገብቶ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ይጓዛል። ከጣርማ በር አፋፍ በስተምሥራቅ የሚወርደው ግን በሮቢና በመሰሎቹ ወንዞች በኩል ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ከባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አጠገብ ባለው በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በጣርማ በር አፋፍ ላይ ቆሞ አንድ እርምጃ ወደዚህ ወይም ወደዚያ መራመድ ማለት በውኃው ዕጣ ላይ መወሰን ነው ብዬ ብናገር ተማሪዎቹ ሰምተው ይረሱታል። ካርታው ላይ ነክተው ውኃው የት እንደሚደርስ ራሳቸው ሲያገኙት ግን፣ በፈተና ሰሞን እንኳ መልሰው መልሰው ሲጠቅሱት እሰማለሁ።

ኮምፒውተሩን ከመክፈቴ በፊት ሥራውን የምጀምረው በወረቀት ነው። በአንድ ሰፊ ወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ ስላይድ ትንሽ አራት ማዕዘን እሥላለሁ፤ ከእያንዳንዱ አራት ማዕዘን የሚወጡትን ቀስቶች በእርሳስ አስምራለሁ። ካርታው ከመካከል ይሆናል፤ ከእርሱ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ ጣርማ በር፣ ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ መንዝ፣ ወደ አንኮበርና ወደ መርሐቤቴ ቀስቶች ይወጣሉ። ከዚያ አንድ ቀላል ምርመራ አደርጋለሁ፤ ቀስት የሚገባበት ነገር ግን ቀስት የማይወጣበት አራት ማዕዘን ካለ፣ እዚያ የገባ ተማሪ መውጫ አጥቶ ይቀራል ማለት ነው። ይህን በወረቀት ላይ በአንድ እይታ ማግኘት ይቻላል፤ በኮምፒውተር ላይ ግን ስላይዶቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ መፈተሽ ይጠይቃል። የስላይዱን ስፋትም በዚሁ ጊዜ እወስናለሁ። የምጠቀምበት ፕሮጀክተር አሮጌ ባለ አራት በሦስት ከሆነና ስላይዱ ባለ አሥራ ስድስት በዘጠኝ ከሆነ ምስሉ ከላይና ከታች ጥቁር ጥለት ይዞ ያንሳል፤ ሥራው ካለቀ በኋላ መጠኑን መቀየር ደግሞ በካርታው ላይ የተሠሩትን ቦታዎች ሊያዛባ ስለሚችል ውሳኔው ከመጀመሪያው ቢደረግ ይሻላል።

የሊንኩን አሠራር በአጭሩ ልለፈው። ሊጫን የሚፈለገውን ቅርጽ ወይም ሥዕል መርጦ ኢንሰርት ከሚለው ክፍል ሊንክ የሚለውን መክፈት፣ ወይም ኮንትሮልን ይዞ ኬን መጫን ይቻላል። ከሚመጣው ሳጥን በግራ በኩል ፕሌስ ኢን ዚስ ዶክዩመንት የሚለውን ስንነካ የስላይዶቹ ዝርዝር ይወጣል፤ የምንፈልገውን መምረጥ ነው። ዝርዝሩ ስላይዶቹን የሚጠራቸው በርዕሳቸው ስለሆነ ለእያንዳንዱ ስላይድ ርዕስ መስጠት በኋላ ብዙ ድካም ይቀንሳል፤ ርዕስ የሌላቸው ስላይዶች በተራ ቁጥር ብቻ ስለሚወጡ የትኛው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ያስቸግራል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ሊንኩ የሚያያዘው ከጽሑፉ ሳይሆን ጽሑፉን ከያዘው ቅርጽ ጋር እንዲሆን እመክራለሁ። ጽሑፉ ከተመረጠ ከሥሩ መሥመር ይሰመርበታል፣ ቀለሙም ይለወጣል፣ አንዴ ከተነካ በኋላ ደግሞ ሌላ ቀለም ይይዛል፤ ለእጅ የሚመቸውም ቦታ ፊደሎቹ ያረፉበት ብቻ ይሆናል። የቅርጹን ጠርዝ ነክቶ ቅርጹን በሙሉ መርጦ ሊንክ መስጠት ግን ሰፊ ቦታ ያስገኛል፣ መልኩንም አይለውጥም። ሌላው መልካም ነገር ሊንኩ የሚያያዘው ከስላይዱ ጋር እንጂ ከተራ ቁጥሩ ጋር ስላልሆነ፣ በኋላ ስላይዶቹን ብናፈራርቃቸው እንኳ ቦታውን ተከትሎ መሄዱ ነው። ስላይዱ ከተሰረዘ ግን ሊንኩ ባዶ ይቀራል።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የካርታ ትምህርት ውበት ያለው፣ በምስሉ ላይ የሚታይ አዝራር ሳይኖር ወረዳው ራሱ አዝራር ሲሆን ነው። ይህ የሚሠራው ካርታውን እንደ አንድ ሥዕል አስገብቶ፣ በላዩ ላይ የማይታዩ ቅርጾችን በመደርደር ነው። እኔ የምጠቀመው ሼፕስ ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ፍሪፎርም የሚባለውን ነው፤ በወረዳው ወሰን ላይ ነጥብ በነጥብ እየነካሁ እዞርና መነሻዬ ላይ ደርሼ ስነካው ቅርጹ ይዘጋል። ነጥብ ማብዛት አያስፈልግም፤ የጀማን ሸለቆ እያንዳንዱን እጥፋት መከተል የካርታ ሠሪ ሥራ እንጂ የእኛ አይደለም። ቅርጹ ትንሽ ከሳተ ኤዲት ፖይንትስ በሚለው ትእዛዝ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ማንቀሳቀስ ይቻላል።

ቅርጹን እንዳይታይ ማድረግ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነጥብ አለ። ቀለሙን ለማጥፋት ኖ ፊል የሚለውን ከመረጥን የቅርጹ ውስጡ ባዶ ይሆናልና ጠቅታው የሚሠራው በጠርዙ መሥመር ላይ ብቻ ነው፤ ተማሪው የወረዳውን መካከል ሲነካ ምንም አይሆንም። ትክክለኛው መንገድ ሶሊድ ፊል መርጦ ማንኛውንም ቀለም መስጠትና ትራንስፓረንሲ የሚለውን 100 በመቶ ማድረስ ነው። ያን ጊዜ ቅርጹ በዓይን አይታይም፣ ለማውዝ ግን ሙሉ አካል አለው። የጠርዙን መሥመርም ኖ ላይን በማለት ማጥፋት ይገባል። እኔ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ትራንስፓረንሲውን 50 በመቶ ላይ አቆየዋለሁ፤ የትኛው ወረዳ ተሸፍኖ የትኛው እንደቀረ፣ ሁለት ቅርጾችም የት እንደተደራረቡ በግልጽ ይታየኛል። ሁሉም ካለቀ በኋላ ሁሉንም በአንድ ላይ መርጬ ወደ 100 አሳድጋቸዋለሁ። ሁለት ቅርጾች ተደራርበው ከሆነ ጠቅታውን የሚቀበለው ከላይ ያለው ስለሆነ፣ እንደ ከተማ ያለ ትንሽ ቦታ ሁልጊዜ ከወረዳው በላይ መቀመጥ አለበት።

ብዙ ቅርጽ ሲኖር ሁሉም ፍሪፎርም በሚል ስምና በቁጥር ስለሚጠሩ ግራ ያጋባሉ። አልትን ይዞ ኤፍ10ን ስንጫን ሴሌክሽን ፔን የሚባለው ዝርዝር በቀኝ በኩል ይከፈታል፤ እዚያ እያንዳንዱን ቅርጽ ሁለቴ ነክቶ «መንዝ»፣ «አንኮበር»፣ «ሸዋ ሮቢት» እያሉ በአማርኛ መሰየም ይቻላል። ከዝርዝሩ ውስጥ ስሙን ጎትቶ ወደ ላይ ማውጣት ቅርጹንም ከሌሎቹ በላይ ያደርገዋል። የማይታይ ነገር ጠፍቶብን ስንፈልግም የምናገኘው በዚሁ ዝርዝር ነው።

ካርታው በዚህ ሁኔታ ሲዘጋጅ የተማሪዎች ብልኃት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። ማውዙ ሊጫን የሚችል ቦታ ላይ ሲደርስ ቀስቱ ወደ እጅ ምልክት ይለወጣል። አንድ ተማሪ ይህን ካወቀ በኋላ «ውኃው ወደ አዋሽ የሚሄድበትን ቦታ አሳየኝ» ስለው ካርታውን አያነብም፤ ማውዙን እያንሸራተተ እጅ የምትወጣበትን ቦታ ብቻ ይፈልጋል። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ መልሱን ስላይዱ ራሱ እያሳበቀ ነውና። ያገኘሁት መፍትሔ የስላይዱን ገጽ በሙሉ የሚሸፍን አንድ ትልቅ የማይታይ አራት ማዕዘን ሠርቶ ከካርታው ሥዕል በላይ፣ ከሌሎቹ ቅርጾች ግን በታች ማስቀመጥ ነው። ለእርሱም የራሱ ሊንክ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ እጅ በሁሉም ቦታ ላይ ስለምትወጣ ማሳበቋ ይቀራል፣ ዒላማውን የሳተ ጠቅታም ባዶ ሜዳ ላይ አይወድቅም።

ይህ ትልቅ አራት ማዕዘን የት ይውሰድ የሚለው የትምህርቱ ልብ ያለበት ቦታ ነው። «ተሳስተሃል» የሚል ስላይድ ማዘጋጀት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ለተማሪው ምንም አይጨምርለትም። እኔ የማዘጋጀው ስላይድ ያንኑ ካርታ ከፍታውን የሚያሳይ ቀለም ተጨምሮበት የያዘ ነው፤ ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለች፣ ሸዋ ሮቢት ግን ከ1,300 ሜትር በታች እንደሆነች ይነግርና «ውኃ ከየት ወደ የት ይወርዳል?» ብሎ ጠይቆ ወደ ጥያቄው ካርታ የሚመልስ አዝራር ይሰጣል። እንዲያውም የተለመዱትን ስሕተቶች ለይቼ የራሳቸውን ስላይድ አበጅቼላቸዋለሁ። ለምሳሌ ብዙ ተማሪ በሬሳ ወደ አዋሽ እንደሚሄድ ይገምታል፤ ምክንያቱም ከከተማችን ወደ ጣርማ በር የሚወስደውን መንገድ ስለሚያውቅ፣ ውኃውም መንገዱን ተከትሎ የሚሄድ ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ተማሪ ደብረ ብርሃንን ሲነካ የሚያገኘው ስላይድ በከተማዋና በጣርማ በር መካከል መሬቱ ከፍ እያለ እንደሚሄድ በጎን መልክ ተሥሎ የሚያሳይ ነው። ውኃ ያንን ዳገት አይወጣም፤ ማብራሪያ ሳያስፈልገው ራሱ ይደርስበታል።

እስካሁን ያልተናገርኩት አንድ ቀዳዳ አለ። ፓወርፖይንት በተለመደው አሠራሩ ሊንክ የሌለበትን ቦታ ስንነካ ወደሚቀጥለው ስላይድ ያልፋል። ትልቁ አራት ማዕዘን በሌለባቸው ስላይዶች ላይ ተማሪው ትንሽ ቢስት ትምህርቱ ወደማይገናኝ ነገር ይዘላል፤ ከመንዝ ስላይድ በስሕተት ወጥቶ የመርሐቤቴን መልስ ያነባል። ይህን ለመዝጋት ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ትራንዚሽንስ በሚለው ክፍል ኦን ማውዝ ክሊክ የሚለውን ምልክት አንስቶ ለሁሉም ስላይዶች ማድረግ ነው፤ ይህ ማውዙን ይከለክላል፣ የኪቦርዱ ቀስቶችና ስፔስ ግን እንደቀድሞው ይሠራሉ። ሁለተኛውና የምመርጠው ስላይድ ሾው ከሚለው ክፍል ሴት አፕ ስላይድ ሾው ከፍቶ ብራውዝድ አት ኤ ኪዮስክ የሚለውን መምረጥ ነው። በዚህ ሁኔታ የሚሠሩት ሊንኮቹ ብቻ ናቸው፤ ቀስቶቹም ስፔስም ዝም ይላሉ፣ መውጫው ኢስኬፕ ብቻ ነው። ለመምህሩ ራሱ ግን ይህ ሁኔታ እጅ የሚያስር ነው፤ በተለመደው አሠራር የስላይዱን ቁጥር ጽፎ ኢንተር በመጫን በቀጥታ መዝለል ይቻል ነበር፣ በኪዮስክ ግን አይቻልም። ስለዚህ እኔ ሳስረዳ የተለመደውን፣ ላፕቶፑን ለተማሪ ስሰጥ ኪዮስኩን እጠቀማለሁ።

ኪዮስክ ከተመረጠ ደግሞ መመለሻ የሌለው ስላይድ እስር ቤት ነው። ወደ ካርታው የሚመልሰውን አዝራር በየስላይዱ ከመለጠፍ ቪው ከሚለው ክፍል የሁሉም ስላይዶች የጋራ መሠረት የሆነውን ስላይድ ማስተርን ከፍቶ አንድ ጊዜ እዚያ ማስቀመጥ ይሻላል፤ በሁሉም ስላይድ ላይ በአንድ ቦታ ይወጣል፣ ዓይንም ይለምደዋል። ነገር ግን በማስተሩ ላይ ያለ ነገር ሁሉ በስላይዱ ላይ ካለው ነገር በታች ነው። በስላይዱ ላይ ሙሉ ገጽ የሚሸፍን ፎቶ ካለ አዝራሩን ይደብቀዋል፤ ያ የማይታይ ትልቅ አራት ማዕዘን ካለ ደግሞ አዝራሩ ለዓይን ይታያል፣ ሲነካ ግን የሚሠራው የአራት ማዕዘኑ ሊንክ ነው። እንዲህ ባሉ ስላይዶች ላይ አዝራሩን በስላይዱ በራሱ ላይ፣ ከሁሉም በላይ አድርጎ መለጠፍ ግድ ነው።

ከብዙ ስላይዶች የሚደረስባቸው ስላይዶችም አሉ፤ «ተፋሰስ»፣ «ገባር»፣ «አፋፍ» የሚሉትን የሚያብራራው ስላይድ ከእነዚህ አንዱ ነው። እዚህ ላይ ወደ ካርታው የሚመልስ አዝራር አይበቃም፤ ከመንዝ የመጣ ወደ መንዝ፣ ከአንኮበር የመጣ ወደ አንኮበር መመለስ ይፈልጋል። ኢንሰርት ከሚለው ክፍል አክሽን የሚለውን ከፍተን ሃይፐርሊንክ ቱ ከሚለው ዝርዝር ላስት ስላይድ ቪውድ የሚለውን ስንመርጥ አዝራሩ ተማሪውን ወደመጣበት ይመልሰዋል። ይህ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን አንድ እርምጃ ብቻ ስለሆነ፣ ከመዝገበ ቃላቱ ስላይድ ወደ ሌላ የሚወስድ ተጨማሪ ሊንክ ባይኖር ይመረጣል፤ ካለ ተማሪው በሁለት ስላይዶች መካከል ሲመላለስ ይቀራል። የመልስ ስላይዶቹን ደግሞ ሃይድ ስላይድ በሚለው ትእዛዝ እደብቃቸዋለሁ፤ እኔ በተራ ስሄድ አይመጡም፣ በሊንክ ግን ይከፈታሉ።

ከስላይድ ወደ ስላይድ ሳይወጡ በዚያው ገጽ ላይ ነገር እንዲገለጥ ማድረግም ይቻላል። የመንዝ ስላይድ ላይ ጓሳ የሚባለው የመንዝ የሣር ደጋ ፎቶ አለ፤ ከሥሩ ስለ ሣሩ፣ ስለ ጭላዳውና ስለ ቀይ ቀበሮው የተጻፉ ሦስት አጫጭር ጽሑፎች ተደብቀው አሉ። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አኒሜሽን ሰጥቶ ትሪገር ከሚለው ውስጥ ኦን ክሊክ ኦፍ ብሎ ከፎቶው ላይ ያለውን የማይታይ ቅርጽ ስም መምረጥ ነው፤ ቅርጾቹን በአማርኛ መሰየም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ይበልጥ ነው። በዚሁ ስላይድ ላይ አንድ የመንዝ አዛውንት የጓሳው ሣር እስኪደርስ ድረስ አካባቢው በሕዝቡ ስምምነት ለዓመታት ተዘግቶ እንዴት ይጠበቅ እንደነበር ሲናገሩ በስልክ የቀዳሁት አጭር ድምፅ አለ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነው የቀዳሁት። የሰውየው አነጋገር ከክፍል ውስጥ ከሚሰማው የእኔ ድምፅ የበለጠ እንደሚያስተምር አይጠረጠርም። ድምፁ በፋይሉ ውስጥ እንዲካተት ኢንሰርት የሚለውን መምረጥ እንጂ ሊንክ ቱ ፋይል የሚለውን አለመምረጥ ያስፈልጋል።

ከቀረቡልን ነገሮች ሁሉ መጠቀም ግዴታ አይደለም። በአክሽን ሳጥን ውስጥ ማውዝ ኦቨር የሚል ክፍል አለ፤ ሳይነኩ ማውዙን በላዩ በማሳለፍ ብቻ ሊንኩ እንዲሠራ ያደርጋል። ለእኔ ይህ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል፤ ማውዝ ያልለመደ ተማሪ ወደሚፈልገው ቦታ ሲሄድ በመንገዱ ያለውን ሁሉ ያስነሳል፣ በስልክ ላይ ደግሞ ማውዝ ስለሌለ ትርጉም የለውም። ከአንድ ስላይድ ወደ ሌላው በማጉላት እንቅስቃሴ የሚወስደው ዙም የሚባለው ዘዴም ለዓይን ያማረ ነው፤ አዳዲሶቹ የፓወርፖይንት እትሞች ብቻ ስለሚያውቁት ግን በትምህርት ቤቶቻችን ባሉት አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ እንቅስቃሴው ይቀርና ተራ ሊንክ ያለው ሥዕል ይሆናል። ጠቅ ባደረጉ ቁጥር የሚጮኸውን የድምፅ ምርጫ በተመለከተ፣ ብዙ ተማሪ በተሰበሰበበት ክፍል ውስጥ ያን የሚመርጥ መምህር ትዕግሥቱን አደንቃለሁ።

በክፍል ውስጥ ያለው አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር ሲሆን፣ ማን ይጫን የሚለውም መታሰብ አለበት። የእኔ አሠራር ተማሪዎቹን በቡድን ከፍሎ፣ ቡድኑ ተመካክሮ ከተስማማ በኋላ ተወካዩ ወጥቶ እንዲነካ ማድረግ ነው፤ ከመንካቱ በፊት ግን ምክንያቱን ለክፍሉ መናገር አለበት። አንዳንዱ ወጥቶ ማውዙን ይዞ ሲያመነታ «ቲቸር፣ ብሳሳት ወዴት ይወስደኛል?» ብሎ ይጠይቃል። «ነክተህ እየው» እለዋለሁ፤ ለስሕተቱም የተዘጋጀ ስላይድ እንዳለ ስለማውቅ ሳልሰጋ ነው የምለው። መብራት የሚሄድበት ጊዜ ስላለ የካርታውን አንድ ቅጂ በትልቅ ወረቀት አትሜ ይዣለሁ፤ የመልስ ስላይዶቹን ደግሞ ለራሴ በትንሹ አትሜያቸዋለሁ፤ ጥያቄውና የሚከተለው መልስ በወረቀት ላይም ይቀጥላል።

ስለ ግእዝ ፊደላት ፎንት ሳልናገር ባልፍ ይህ ጽሑፍ ጎደሎ ይሆናል። በአንዱ ኮምፒውተር ኒያላ በሚባለው ፎንት የተጻፈ ስላይድ፣ ኒያላ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት በሌላ ፎንት ይተካል፤ የፊደሉ ስፋት ስለሚለወጥ ቃሉ ወደ ሚቀጥለው መሥመር ይወርዳል፣ የአማርኛ ጽሑፉም በላዩ ከተሠራው የማይታይ ቅርጽ ሥር ይሸሻል። ተማሪው የሚያነበውን ቃል ሲነካ የሚከፈተው የጎረቤቱ ነው። በዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ በራሱ የሚመጣ ሳይሆን በተጨማሪነት የሚጫን ስለሆነ ይህ ችግር ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። መፍትሔው ኢብሪማን የመሰለ ከዊንዶውሱ ጋር የሚመጣ ፎንት መጠቀም፣ ወይም ኦፕሽንስ ውስጥ ሴቭ ከሚለው ክፍል ኢምቤድ ፎንትስ ኢን ዘ ፋይል የሚለውን ምልክት ማድረግ ነው። ዩኒኮድ የሚባለውን ለሁሉም ኮምፒውተር የጋራ የሆነ የፊደል አሰያየም ባልተከተሉት በቀድሞዎቹ የግእዝ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ግን ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ወደ ላቲን ፊደልና ምልክት ክምር ስለሚለወጥ በዩኒኮድ እንደገና መጻፉ ይሻላል።

ወደ ሌላ ፋይል የሚወስድ ሊንክ ካለ፣ ለምሳሌ ወደ ቪዲዮ ወይም ወደ ወርድ ጽሑፍ፣ ሊንኩን ከመሥራት በፊት ሁሉንም በአንድ ፎልደር ውስጥ ማስገባትና ወደ ፍላሽ ሲገለበጥም ፎልደሩን በሙሉ መገልበጥ ያስፈልጋል። ከዴስክቶፕ ላይ የተያያዘ ፋይል በሌላ ኮምፒውተር ላይ አይገኝም። ወደ ኢንተርኔት የሚወስዱ ሊንኮችን ከዋናው መንገድ ላይ አላኖርም፤ መሥመሩ በተቋረጠ ቀን ትምህርቱ አብሮ እንዳይቋረጥ፣ የሚያስፈልገውን ሥዕልና ጽሑፍ ቀድሜ በስላይዱ ውስጥ አስገባለሁ።

ተማሪዎች ስላይዱን በቴሌግራም እንድልክላቸው ይጠይቁኛል። በስልክ ላይ ያሉት መተግበሪያዎች አንዳንዱ ሊንኩን የሚያሠራው በማሳያ ሁኔታ ውስጥ ሲገቡ ብቻ ስለሆነ፣ እንዴት እንደሚከፈት ከፋይሉ ጋር ሁለት መሥመር ጽፌ እልካለሁ። በፒዲኤፍ ሲቀየር አኒሜሽኑ፣ ትሪገሩና ድምፁ ይቀራሉ፤ ስለዚህ ለስልክ የሚሆነውን ቅጂ በተራ ሊንኮች ብቻ የሚሠራ አድርጌ ለብቻው አዘጋጀዋለሁ። የማይክሮሶፍት ፈቃድ ለሌለው ትምህርት ቤት ሊብሬ ኦፊስ ኢምፕረስ በነጻ የሚገኝ ሲሆን፣ ኢንተራክሽን በሚለው ትእዛዙ ከቅርጽ ወደ ስላይድ የሚወስድ ሊንክ መሥራት ይቻላል። በአንዱ ተሠርቶ በሌላው የሚከፈት ፋይል ግን ከክፍል በፊት አንድ በአንድ መሞከር አለበት።

ሙከራውን የሠራው ሰው ራሱ ቢያደርገው ብዙ አይጠቅምም፤ የት መንካት እንዳለበት ስለሚያውቅ የሚነካው ትክክለኛውን ብቻ ነው። እኔ ፋይሉን የምሰጠው ለታሪክ መምህሩ ነው። «ጋሼ፣ እንደፈለጉ ይነካኩት፣ ቢያበላሹትም ደስ ይለኛል» እላቸዋለሁ፤ እርሳቸውም አላሳፈሩኝም፣ በካርታው ጥግ ላይ ያለውን የሰሜን አቅጣጫ ምልክት እንኳ ነክተው ወዴት እንደሚወስድ ጠይቀውኛል። አሁን ምልክቱ አቅጣጫ ስለማንበብ ወደሚያስረዳ ስላይድ ይወስዳል። እርሳቸውም በዚሁ ካርታ ላይ የራሳቸውን ትምህርት ለመሥራት ፋይሉን ወስደዋል። አንጎለላን ስንነካ ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. እዚያ መወለዳቸውን፣ አንኮበርን ስንነካ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ እንደነበረች፣ ጣርማ በርን ስንነካ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለውን የመኪና ዋሻ የሚያሳይ ነው። ቅርጾቹ ካርታው ላይ ስላሉ እንደገና መሥራት አላስፈለጋቸውም፤ የለወጡት የእያንዳንዱን ሊንክ መድረሻ ብቻ ነው። ለባዮሎጂ የልብን ሥዕል፣ ለኬሚስትሪ የንጥረ ነገሮችን ሠንጠረዥ በካርታው ቦታ ለማስገባት የሚፈልግ መምህርም ሥዕሉን መርጦ በቀኝ ጠቅታ ቼንጅ ፒክቸር ካለ በኋላ ቅርጾቹን በኤዲት ፖይንትስ ቢያስተካክላቸው፣ ትልቁን አራት ማዕዘንና የመመለሻውን አዝራር ደግሞ ባሉበት ቢተዋቸው ይበቃዋል።